ገጭቶ የካደኝን ሰው እንዴት ላስከፍለው?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ባለትዳር ነኝ፣ አንድ ልጅ አለን፣ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። አምና እቁብ ሲደርሰኝ ባለቤቴ ያለችውን ጨምሮበት አንድ አሮጌ ቪትዝ ገዛን። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሰሞኑን ማለዳ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ መኪናዋን አቁሜ ሞተሯን አጥፍቼ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ድምፅ ሰምቼ ዞር ብል አንድ ፒካፕ በኋላ ማርሽ መጥቶ መኪናዬን ከኋላ ገጭቷታል። ፓራውልቷ ተሰብሯል፣ የግራ ፋናሌዋ ረግፏል፣ የኋላ በሯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሹፌሩ ወዲያው ወርዶ ‹ይቅርታ እህቴ፣ አላየኋትም› አለኝ። ሳየው አወቅኩት። ሚስቱና እናቴ አንድ እድር ናቸው። ‹ትራፊክ አትጥሪ፣ መንጃ ፈቃዴን ይይዙብኛል፣ ጋራዥ አሳይተሽ ዋጋውን ንገሪኝ፣ እኔ አሠራልሻለሁ› አለ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስልኩን ተቀበልኩ፣ ሁለቱን መኪኖች ፎቶ አነሳሁና ተለያየን።

ማታ በቴሌግራም ‹እንዴት አመሸሽ፣ ስለ ጠዋቱ ይቅርታ፣ የጋራዡን ዋጋ ላኪልኝ› ብሎ ጻፈልኝ። ጋራዡ 58,000 ብር የሚል ፕሮፎርማ ሰጠኝ፣ ላኩለት። ከዚያ ዝም። ስደውል አያነሳም። በመጨረሻ ሲያነሳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አንቺ ነሽ ወደ ኋላ ስትመጪ የገጨሽኝ፣ እንዲያውም የኔም ፓራውልት ተሰንጥቋል፣ 6,000 ብር ትከፍያለሽ።› እኔ ዳቦ ቤት በር ላይ ነበርኩ እኮ!

ፒካፑ የሱ አይደለም። ቀፊራ አካባቢ መጋዘን ያለው ነጋዴ ንብረት ነው፣ እሱ ቅጥር ሹፌር ነው። የኔ መኪና ያላት ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ኢንሹራንሴን ስጠይቅ ‹ይሄ ያንቺን መኪና አያሠራም› አሉኝ። አሁን ፋናሌዋን በፕላስተር አስሬ ነው የምነዳት። ባለቤቴ ‹ተይው፣ በዚህ ሙቀት ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ይሉታል› ይላል። ወንድሜ ‹ክሰሽ አሳዪው› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ነገ ለቅሶ ላይ የሚስቱን ፊት እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?› እያለች ታስጨንቀኛለች። የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ቆሞ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ውሸታም አደረገኝ። ምን ላድርግ?

ሰ. ከሳቢያን»

እህቴ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከ58,000 ብሩ ይልቅ ያቺ የስልክ ጥሪ ናት አእምሮዬ ውስጥ የቀረችው። ያጠፋ ሰው ዝም ቢል አንድ ነገር ነው። ነገሩን ገልብጦ አንቺኑ ባለ ዕዳ ሲያደርግሽ ግን ደም ያፈላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። «አቦ ተይው» የሚሉሽ ሰዎች ይህን የረሱት ይመስለኛል። ትራፊክ ባለመጥራትሽም ራስሽን አታብጠልጥዪ። የምታውቂው ሰው ነው፣ ሚስቱ የእናትሽ እድርተኛ ናት፣ ይቅርታ እየጠየቀ ለመነሽ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጨክኖ ስልክ የሚያነሳ ስንት ሰው አለ?

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በጣም የምትፈልጊው የትኛውን ነው? ሰውየው «አዎ፣ እኔ ነኝ የገጨሁት» እንዲልልሽ ነው ወይስ መኪናሽ እንድትሠራ? ሁለቱንም ትይኛለሽ፣ ተገቢም ነው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ መንገድ አይገኙም። እስካሁን ስትደውዪ የነበረው እንዲያምንልሽ ነው፤ እሱም ያንን ስለሚያውቅ ስልኩን አያነሳም። ካሳው ግን የግድ በእሱ አፍ በኩል ማለፍ የለበትም። ቢክድም ልትካሺ ትችያለሽ። ስለዚህ ለጊዜው እሱን ማሳመኑን ትተሽ ሌላ ሰው ሊያምነው የሚችል ነገር መሰብሰብ ጀምሪ።

ለምን እንደካደ መገመት አይከብድም። ማታ ላይ ይቅርታ ብሎ ጻፈ። ዋጋው እስኪመጣ ሰው ነበር። ቁጥሩን ሲያይ ነው የተለወጠው። 58,000 ብር ለቅጥር ሹፌር ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ምናልባት አምስት ስድስት ሺህ ነበር የጠበቀው። ምናልባት አሠሪው ገና አልሰማም፣ ከሰማ ከሥራ አባርርሃለሁ እንዳይለው ፈርቷል። ይህን የምልሽ እንድታዝኚለት አይደለም፣ ፈርቶም ቢሆን የዋሸው ባንቺ ላይ ነው። የፈራውን ነገር ካወቅሽ ግን የምታነጋግሪበት መንገድ ይለወጣል። ከሱ ኪስ ሳይወጣ የሚያልቅበት መንገድ አለና።

መንገዱ እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ላይ፣ ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት የተሽከርካሪው ባለቤት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ መሪውን ባይነካም፣ ቦታው ላይ ባይኖርም። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ ከሹፌሩ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከነጋዴውም ጋር ነው። በዚያ ላይ በሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ያንቺ ኢንሹራንስ «ያንቺን መኪና አያሠራም» ያለሽ እውነቱን ነው፤ ሦስተኛ ወገን አንቺ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሺው ጉዳት ነው። የፒካፑ ሦስተኛ ወገን ግን ልክ እንዳንቺ ላለ ሰው የተገባ ነው። ለሱ ሦስተኛዋ ወገን አንቺ ነሽ። መድኑ ለንብረት ጉዳት የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ በጉዳይሽ ጊዜ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ኢንሹራንሱን ጠይቂ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ባለቤቱ ይሸፍናል። ያነሳሻቸውን ፎቶዎች አሳድገሽ እያቸው፦ ታርጋው ይነበባል? መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስቲከርስ ይታያል? ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ ከዚያ ሊታወቅ ይችላል፣ ካልሆነ ነጋዴውን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ውሸቱ እንምጣ፤ ምክንያቱም «አንቺ ነሽ ወደ ኋላ የመጣሽው» ማለቱ በሕግም ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል፣ ጠቅላላ ጉዳቱንም ባለቤቶቹ ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ ይላል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከአንዱ ሹፌር ጥፋት የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ሁለታችሁም ምንም ሳታስረዱ ብትቀሩ ምን ይሆናል? ያንቺ 58,000 እና እሱ የሚለው 6,000 ሲደመር 64,000 ነው፣ ግማሹ 32,000። አንቺ የወጣብሽ 58,000 ስለሆነ 26,000 ይመለስልሻል ማለት ነው። ይህ የከፋው ውጤት ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ዜሮ አይደለም። መኪናሽ ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ አንቺም ከውስጧ ወጥተሽ እንደነበር ካስረዳሽ ግን ግማሽ የሚባል ነገር አይነሳም። ሁሉም ነገር እዚች ላይ ነው ያለው፦ የቆመች መኪና መሆኗን ማሳየት።

ማስረጃ የለኝም ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ተሳስተሻል፣ በእጅሽ ያለው ቀላል አይደለም። የቴሌግራሙ መልእክት ወርቅ ነው። የተገጨ ሰው ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ብሎ የጋራዥ ዋጋ ላኪልኝ አይልም። ግን ልብ በይ፣ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሺ እንኳ ቢሆን ስክሪንሹት አንሺው፣ ስሙና ስልክ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽም ጨምሪ፣ መልእክቱን ደግሞ ለባለቤትሽ ፎርዋርድ አድርጊለት። አንዴ ፎርዋርድ የተደረገው የመጀመሪያው ቢጠፋም ይቀራል። ፎቶዎቹንም አትቁረጪ፣ አታሳምሪ፣ ኦርጅናላቸው የተነሱበትን ሰዓት ይዟል። ለሰው ስትልኪም በፋይል መልክ ላኪ።

ከዚያ ወደ ከዚራ ተመለሺ። ዳቦ ሲሸጥልሽ የነበረው ልጅ አይቷል? መኪና የሚጠብቁ ልጆች፣ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላዋ፣ ተራ የሚጠብቅ ባለ ባጃጅ? አንቺ በር ላይ ቆመሽ እያለ ድምፁን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ይበቃሻል፣ «አንቺ ነሽ የነዳሽው» የሚለው ታሪክ እዚያው ይፈርሳል። ስትጠይቂ «ለኔ መስክርልኝ» አትበይ፣ ሰው ይሸሻል። «ያን ቀን ምን አየህ?» በይና እነሱ እንዲያዳምጡሽ ሳይሆን አንቺ አዳምጪያቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን ያዢ። በአካባቢው ያሉት ሱቆች ካሜራ ካላቸው ደግሞ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ካሜራዎች አሮጌውን እያጠፉ በላዩ ላይ ነው የሚቀዱት፣ ሳምንት ባለፈ ቁጥር ዕድልሽ ይጠብባል።

መኪናዋንም ብትሆን ቶሎ አታሠሪያት። ኢንሹራንስ ጉዳዩን ከተቀበለ የራሱን ሰው ልኮ ጉዳቱን ማየት ይፈልጋል። እስከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ፣ ከቅርብም ከሩቅም። ወደ ውስጥ የገባው ቦታ ከመሬት ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ እንዲለካልሽ ላሜሪስታውን (የመኪና ቆርቆሮ ሠሪውን) ጠይቂው፣ ከፒካፑ የኋላ ፓራውልት ከፍታ ጋር ይመሳከራል። አንድ ፕሮፎርማ አይበቃም። ከሌሎች ሁለት ጋራዦች ጨምሪ፣ ዕቃውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፍ። ምናልባት ዋጋው ይወርድ ይሆናል፤ ቢወርድ አንቺን አይጎዳሽም፣ እንዲያውም ነጋዴው ፊት ሚዛናዊ ሰው ያደርግሻል። ፋናሌዋን ግን ለይተሽ አሁን አስቀይሪያት። በፕላስተር የታሰረ ፋናሌ ይዞ በሌሊት ወደ ሳቢያን መንዳት አደጋ ነው፣ ትራፊክም ያስቆምሻል። የተሰበረችውን አትጣያት፣ ደረሰኙንም ያዢ። በነገራችን ላይ መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ ለሥራ የምትከፍዪውን የትራንስፖርት ወጪም መጠየቅ ትችያለሽ፣ ባጃጅ ደረሰኝ ባይሰጥም ቀኑንና ሂሳቡን ደብተር ላይ መዝግቢ።

ትራፊክ ፖሊስ ጋስ? ሂጂ፣ ዘግይቶም ቢሆን። መኪኖቹ ከቦታቸው ስለተነሱ እንደ ትኩስ አደጋ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ማንሳት ላይችሉ ይችላሉ፣ «ያኔ ለምን አልጠራሽም» የሚል ቁጣም ትሰሚ ይሆናል። ቻይው። ፎቶዎቹንና መልእክቱን አሳይተሽ ቢያንስ አቤቱታሽ እንዲመዘገብ ጠይቂ። ኢንሹራንሶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የትራፊክ ሪፖርት ነው። ያለ እሱ መንገዱ ይከብዳል፣ ይህን ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ኢንሹራንሱ በዚህ ምክንያት እምቢ ቢል እንኳ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት አብሮ አይጠፋም።

ከዚያ ለሹፌሩ አንድ መልእክት ጻፊለት። አንድ ብቻ፣ ስድብ የሌለበት፣ ማስፈራሪያ የሌለበት። እንዲህ ቢሆን ምን ይመስልሻል፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ያን ዕለት ጠዋት ከዚራ ዳቦ ቤቱ ጋ ያቆምኳትን መኪና ፒካፑ ወደ ኋላ ሲመጣ ገጭቷታል። ማታውኑ የጋራዥ ዋጋ ላኪልኝ ብለውኝ ልኬያለሁ። እርስዎን ከሥራዎ ማጣላት አልፈልግም። ፒካፑ ሦስተኛ ወገን ስላለው በኢንሹራንስ እንዲያልቅ አብረን ለባለቤቱ እንንገር። እስከ ሰኞ ካልመለሱልኝ እኔው አነጋግራቸዋለሁ።» ቢመልስ ጥሩ። ባይመልስም ጽሑፉ ራሱ መዝገብ ነው። ስለ 6,000 ብሩ አንድም ቃል አትጻፊ። «በቃ እኔ ያንን ልክፈልና ይለቀኝ» የሚል ሐሳብ በደከመሽ ማታ ሊመጣብሽ ይችላል፤ ከከፈልሽ ግን ጥፋቱን ተቀበልሽ ይባላል። ወንድምሽም በንዴት ደውሎ «አሳስርሃለሁ» እንዳይለው አደራ።

ሰኞ ካለፈ ነጋዴው ጋ ሂጂ። በማለዳ ይሁን። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ድሬ እንዴት እንደምትሆን ላንቺ አይነገርም፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በርጫ ላይ ነው፣ ያኔ ጉዳይ ይዘሽ ብትሄጂ ወይ አታገኚውም ወይ ልቡ እዚያ የለም። ከባለቤትሽ ጋር ብትሄጂ ጥሩ ነው፣ ካልፈለገ ረጋ ያለ ዘመድ ይሁን። ፎቶውን፣ የመልእክቱን ኅትመት፣ ፕሮፎርማዎቹን በአንድ ማኅደር ይዘሽ ቅጂውን አስቀምጪለት። ክስ ይዘሽ እንደመጣሽ ሳይሆን የመኪናው ጌታ ያልሰማውን ነገር እንደምታሰሚው ሆነሽ ተናገሪ፤ ምናልባትም እውነት አልሰማም። ለኢንሹራንሱ እንዲያሳውቅ ጠይቂው። ብዙ ነጋዴ ስሙ በገበያ ከሚነሳ ፣ መኪናውም ፍርድ ቤት ከምትጠራ፣ ኢንሹራንሱ ይክፈልና ይለፍ ይላል። ሁሉም ግን አይደለም። «ከሹፌሬ ጋር ጨርሺ» ሊልሽም ይችላል። ያኔ ቁጥር 2081ን አስታውሺው፣ ድምፅሽን ሳታነሺ።

ስለ እናትሽ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚከብድሽ እሱ ይመስለኛል። እናትሽ ገንዘብሽ ይቅር እያሉ አይደለም፣ ነገ እድር ላይ ለብቻቸው እንዳይቀመጡ ነው የፈሩት። የእድር ሰው ቀላል አይደለም። ሬሳ የሚያነሳው፣ ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው። ስለዚህ እሳቸውን መልእክተኛ አታድርጊያቸው። «ሚስቱን ንገሪልኝ» አትበዪያቸው። ይልቅስ «እማ፣ ሰውየውን አልከሰስኩም፣ በመኪናው ኢንሹራንስ እንዲያልቅ ነው የምለምነው» በያቸውና ያንን ለጎረቤት መናገር ይችላሉ። እውነትም ነው። ደግሞስ ሚስትየው ባሏ ያለሽን ነገር ታውቃለች? ላታውቅ ትችላለች። እናትሽ የሚፈሩት ፊት ምንም ያልሰማ ሰው ፊት ሊሆን ይችላል።

ነጋዴውም ካልሰማሽ ሽማግሌ መላክ ነውር አይደለም፣ እኔ እንዲያውም ከፍርድ ቤት በፊት እሱን እመርጥልሻለሁ። አገሩ የሽምግልና አገር ነው፤ ኦሮሞው በጃርሳ ይጨርሳል፣ ሶማሌው በሽማግሌው፣ ሌላውም እንዲሁ። አንድ ካንቺ፣ አንድ ከሱ ወገን፣ አንድ ደግሞ ሁለታችሁም የምታከብሩት ይሁን። ጥሩው ነገር እዚያ ሰውየው ሳይዋረድ ሊመለስ ይችላል፤ «ያኔ ደንግጬ ነው» ለማለት ዳኛ ፊት ከመቆም ሽማግሌ ፊት ይቀላል። ምናልባት ያን ጊዜ የምትፈልጊውን ቃል በነፃ ትሰሚው ይሆናል። ስምምነቱ ግን በወረቀት ይሁን። ስንት ብር፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን፣ ባይከፈልስ ምን ይሆናል፣ ሁሉም ይጻፍ፣ ምስክሮች ይፈርሙ። «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት ደግሞ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሳትቀበዪ አትፈርሚ። ሽማግሌዎች ተቻኩለው «ፈርሚና እንመራረቅ» ይሉሻል። ምርቃቱ አይጠፋም፣ ቆይ በያቸው።

ከዚያ በፊት ግን ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጡና አንድ ነገር ወስኑ። ምን ያህል ብር ቢሰጡሽ በቃኝ ትያለሽ? 58,000ውን እስከ ሳንቲሙ? ወይስ ዕቃውን ገዝተው ቢሰጡሽና የእጁን አንቺ ብትችይው? በሁለት ጊዜ 40,000 ቢሉሽስ? መልሱን እኔ ልሰጥሽ አልችልም፣ የቤታችሁን ኪስ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ቁጥሩን ሳትወስኑ ሽማግሌ ፊት ከቀረባችሁ ግን ወይ በንዴት ሁሉንም ትላላችሁ፣ ወይ በይሉኝታ ሁሉንም ትተዋላችሁ። ባለቤትሽ «ተይው» ሲል ስለማይገደው ነው ብለሽ አትውሰጂው። ሥራ፣ ልጅ፣ ሙቀት፣ ቀጠሮ፣ ይህ ሁሉ ታይቶት ነው። «ይህን ያህል ርቀት አብረኸኝ ሂድ፣ ከዚያ እተወዋለሁ» ብትዪው ሊስማማ ይችላል።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፣ ግን በሩ ክፍት መሆኑን ማወቅሽ ያበረታሻል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ላይ አለ። ስለዚህ ነገ ካልከሰስሽ አለቀልሽ የሚልሽን አትስሚ፤ «ኋላ አደርሳለሁ» እያልሽም አታስረጅው። ክሱ ሲቀርብ የምስክሮችሽ ስምና የሰነዶችሽ ዝርዝር አብሮ መያያዝ አለበት፣ ለዚህ ነው ከአሁኑ ሰብስቢ የምልሽ። ጉዳቱ ስንት እንደሆነ የማስረዳት ሸክሙም ያንቺ ነው። የዳኝነት ክፍያ አለ፣ በምትጠይቂው ገንዘብ ልክ ይሰላል፣ ከረታሽ ወጪሽን ተሸናፊው እንዲተካ መጠየቅ ትችያለሽ። ድሬዳዋ ላይ የከተማውም የፌዴራልም ፍርድ ቤት ስላለ ያንቺ ጉዳይ የትኛው ጋ እንደሚገባ መዝገብ ቤቱን ጠይቂ። ለጠበቃ አቅም ከሌለሽ በአካባቢያችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ ክስ ባያስጽፉሽ እንኳ ምክር አይነፍጉሽም። ሁለቱን፣ ሹፌሩንም ባለቤቱንም፣ አብረሽ መክሰስ ያዋጣሽ እንደሆነ እነሱን ጠይቂ።

የኔን ግምት ከጠየቅሽኝ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። በጠበቃ የተጻፈ አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ለነጋዴው ሲደርሰው ብዙ ነገር ይለወጣል። ሹፌሩም የቴሌግራም መልእክቱ እንዳለሽ ሲያውቅ «አንቺ ነሽ የገጨሽኝ» የሚለውን ታሪክ ደግሞ ማውራት ይከብደዋል። ያም ሆኖ ላይሳካም ይችላል፣ ግማሹን ብቻ ይዘሽ ልትወጪም ትችያለሽ። ያኔ ምን እንደሚሰማሽ አሁን አስቢበት፤ እኔ በበኩሌ ሞክሬ ግማሽ ባገኝ ሳልሞክር ሁሉንም ከተውኩት የተሻለ እንቅልፍ የምተኛ ሰው ነኝ፣ አንቺ ግን ሌላ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ዛሬ ማታ ስክሪንሹቱን፣ ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት ዳቦ ቤቱንና ካሜራ ያላቸውን ሱቆች። ፕሮፎርማዎቹ በዚህ ሳምንት ውስጥ ተሰብስበው ይጠናቀቁ። ነጋዴውን ካነጋገርሽ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፣ ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነና የትራፊክ ሪፖርት ጠይቀው እንደሆነም ጨምሪበት፤ ቀጣዩን እርምጃ ያኔ አብረን እናየዋለን።